የሱስና የማህበረሰብ ድጋፍ ሥራ መማር እፈልጋለሁ፣ ከየት ልጀምር? (ከቱሉ ዲምቱ)

የእድሯ ጸሐፊ፦

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። አካውንቲንግ ተመርቄ አንድ የግንባታ ዕቃ መደብር ሒሳብ እሠራለሁ። እንጀራዬ ነው፣ አላማርርም። ግን የብሎካችን እድር ጸሐፊ አድርገው ከመረጡኝ ወዲህ ሐሳቤ ወደ ሌላ ሄዷል። ሰው መዋጮ ሊከፍል ይመጣና ብሩን ከሰጠኝ በኋላ ቁጭ ይላል። ባሏ ደመወዙን አረቄ ቤት ጨርሶ የሚመጣባት አለች። ልጃቸው ዩኒቨርሲቲ አቋርጦ ከጫት ቤት አልነሳ ያላቸው አባት አሉ፤ እሳቸውማ ከመናገራቸው በፊት "በሩን ዝጊው" ይሉኛል። እኔ ደግሞ የምላቸው የለኝም። "እግዚአብሔር ይርዳዎት" ብዬ ደረሰኝ እሰጣለሁ።

ይህንን ነገር በትምህርት መያዝ እፈልጋለሁ። ቶሮንቶ ያለችው የአክስቴ ልጅ የሱስና የማህበረሰብ አገልግሎት ሠራተኛ የሚያሰኝ ዲፕሎማ አላት። ክፍል ውስጥ ተምራ፣ ከዚያ ተቋም ገብታ ልምምድ ሠርታ ነው የጨረሰችው። አሁን የሴቶች መጠለያ ውስጥ ትሠራለች። እዚህ እንደዚያ ያለ ትምህርት ብፈልግ አጣሁ። የማገኘው ሳይኮሎጂ፣ ሶሻል ወርክ፣ ነርሲንግ ነው። ከአካውንቲንግ ተነስቼ እንዴት ነው የምገባው? እንደገና ከአንድ ብዬ ዲግሪ መጀመር ግድ ነው? ኢንተርኔት ላይ በዶላር የሚሸጡት "የሱስ አማካሪ" ሰርተፍኬቶችስ ዋጋ አላቸው? ጊዜ ያለኝ ማታና ቅዳሜ ነው፤ ከዚህ ተነስቶ መሃል ከተማ መድረስ ምን እንደሚመስል ዳር የሚኖር ሁሉ ያውቀዋል።

አንድ ሌላ ነገር። የአረቄው ሰውዬ ሚስት ቤት ቆልፋበት አንድ ሳምንት በጾምና በጠበል ልታስተወው አስባለች። ጠዋት ካልቀመሰ እጁ ይንቀጠቀጣል አለችኝ። ምን ልበላት?

ሲስተር ዘ ቃሊቲ፦

እህቴ፣ ከመጨረሻው ልጀምር፣ ትምህርቱ ይደርሳል። ዛሬውኑ ሄደሽ እንዳትቆልፍበት ንገሪያት።

ጠዋት ካልጠጣ እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው ሰውነቱ ያለ አልኮል መሥራት አቅቶታል ማለት ነው። በአንዴ ሲያቆም 6 ሰዓት ያህል ካለፈ ጀምሮ ላብ፣ ማስመለስ፣ መንቀጥቀጥ፣ እንቅልፍ ማጣት ይመጣል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ውስጥ እንደሚጥል በሽታ ሊያንዘፈዝፈው ይችላል። ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ባለው ጊዜ ደግሞ የሌለ ነገር ማየት፣ ቤተሰቡን አለማወቅ፣ ትኩሳት ሊከተል ይችላል፤ ይኼኛው ይገድላል። ቤተሰብ "ያ ክፉ መንፈስ እየለቀቀው ነው" ብሎ በር ዘግቶ የሚጠብቀው ሰዓት ብዙ ጊዜ እሱ ነው። ጾሙ ሲጨመርበት ይብሳል። ለዓመታት በአረቄ የኖረ ሰው ቫይታሚን ቢ1፣ እኛ ታያሚን የምንለው፣ በሰውነቱ ተሟጦ ሊሆን ይችላል፤ ጭራሽ ሳይበላ ሲቀር አንጎሉ ይጎዳል።

መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ይታይ። ከባድ ከሆነ ወደ ሆስፒታል ሪፈር ይጽፉለታል። እዚያ ዳያዜፓም የሚባል ማረጋጊያ በልክ እየተቀነሰ ይሰጠዋል፣ ታያሚን ይወጋል። ግሉኮስ የሚሰቅሉለት ከሆነ ታያሚኑ መቅደም አለበት፤ "ብዙ ጊዜ ይጠጣል፣ ምግብም አይበላም" ብላ ሚስቱ አፍ አውጥታ ትናገር፤ ባሎች ሲጠየቁ "አንድ ሁለት" ነው የሚሉት። ጠበሉን አልቃወምም፣ እኔም እጠመቃለሁ። ሐኪም ካየው በኋላ መድኃኒቱን ይዞ፣ እየበላ ይሂድ። ካንዘፈዘፈው ወይም መቀባጠር ከጀመረ ሳትጠብቁ 907 ደውሉ፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ነው።

ወደ ጥያቄሽ። እኔ የሳይካትሪ ነርስ ነኝ። በሠራሁባቸው የመንግሥት ተቋማት "የሱስ አማካሪ" የሚል ራሱን የቻለ መደብ አላየሁም። ሥራውን የሚሠሩት የሳይካትሪ ነርስ፣ ሳይኮሎጂስት፣ ሶሻል ወርከርና ሳይካትሪስት ተጋግዘው ነው። አማኑኤልም ሆነ ጳውሎስ ሆስፒታል የሱስ ሕክምና ክፍል ብትሄጂ የምታገኚው ይህንኑ ቡድን ነው። ስለዚህ ፍለጋሽን "አዲክሽን" በሚለው ቃል አትጀምሪው፤ ከእነዚህ ሙያዎች አንዱን ትይዢና ሱሱን ሥራ ላይ ትማሪዋለሽ። ጎንደርና ጅማ ያለው የተቀናጀ ክሊኒካልና ማህበረሰብ አቀፍ የአእምሮ ጤና ማስተርስ ጥሩ ነው፣ ግን የጤና ዲግሪ ላለው ሰው ነው የሚሆነው። ኤምኤችጋፕ የሚባለው የዓለም ጤና ድርጅት የአእምሮ ጤና ሥልጠናም እኛ አገር ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ፤ አልኮል ከመጀመሪያዎቹ ርዕሶቹ አንዱ ነበር። እሱም ጤና ጣቢያ ላሉ ባለሙያዎች ነው። መመሪያው ግን ነፃ ነው፣ ከድርጅቱ ድረ ገጽ አውርደሽ ማንበብ ትችያለሽ።

ባለ ላፕቶፑ፦

እውነቱን ልንገርሽ? ይህ ሥራ እንጀራ አያበላም። የሰው ችግር ስትሰሚ ውለሽ ማታ በቅጥቅጥ ተጋፍተሽ ትገቢያለሽ። አምስት ሚሊዮን ኮደርስ ነፃ ነው፣ ቤትሽ ቁጭ ብለሽ ኮዲንግ ተማሪ። ኤክሴል የምትችይ ሰው ነሽ።

ኬዝ ወርከር ከአቃቂ፦

ባለ ላፕቶፑ፣ ደመወዙን በተመለከተ አልዋሸህም። ሌላውን ግን ልጅቷ አልጠየቀችህም።

እህቴ፣ እኔ ሶሻል ወርከር ነኝ። አቃቂ አካባቢ በአንድ ፕሮጀክት የጎዳና ልጆችና ወጣቶች ላይ እሠራለሁ፤ ቤንዚንና ማስቲሽ የሚስቡ አሉ፣ ጫት አለ፣ አረቄ አለ። ሥራው ምን እንደሚመስል ሳታውቂ ትምህርት ቤት አትምረጪ። ሰው ቁጭ ብሎ ማማከር ይመስለዋል። እኔ ብዙውን ቀን ወረቀት ነው የማሳድደው። የፋይዳ መታወቂያ የሌለው ልጅ፣ የቀበሌ መታወቂያው የጠፋበት ሰው፣ የነፃ ሕክምና ደብዳቤ ወይም የጤና መድን የሚያስፈልጋት እናት። አንዱን ሱስ ለማስተው ሆስፒታል ቀጠሮ ታስይዥለታለሽ፤ የታክሲ የለውም። የታክሲውን ትሰጪዋለሽ፤ ቀጠሮው ቀን ቤት አከራይዋ ዕቃውን አውጥታ ጥላዋለች፣ እሷን ልትለምኚ ትሄጃለሽ። ከዚያ ማታ ይህን ሁሉ ኬዝ ፋይል ላይ በእንግሊዝኛ ትጽፊዋለሽ። ይህን አንብበሽ አሁንም ደስ ካለሽ ሥራው ያንቺ ነው።

ትምህርቱን በተመለከተ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሶሻል ወርክ ትምህርት ቤቱ በንጉሡ ጊዜ ነበር፣ አብዮቱ ሲመጣ ተዘጋ፣ በ2004 እ.ኤ.አ. በማስተርስ ነው እንደገና የተከፈተው። ለዚያ ነው በዚህች አገር አንጋፋ ሶሻል ወርከር ብትፈልጊ በቁጥር የሆነው። እኔ የማውቃቸው ብዙ የኤንጂኦ ሰዎች ማስተርሳቸውን የያዙት በቅድስት ማርያም ዩኒቨርሲቲ በኩል ከሕንዱ ኢግኑ ዩኒቨርሲቲ በርቀት ነው። አንቺ ዲግሪ ስላለሽ ቀጥታ ማስተርስ ያምርሻል፤ ያንን ከፈለግሽ ኤንጋት የሚባለው የመግቢያ ፈተና አለ፣ ከዚያ ደግሞ ክፍሉ የሚቀበለውን የመጀመሪያ ዲግሪ ዓይነት ማስታወቂያው ላይ በደንብ አንብቢ። አካውንቲንግን ካልተቀበሉሽ የቅዳሜና እሑድ ወይም የማታ የመጀመሪያ ዲግሪ ነው የሚሆነው። የግል ኮሌጅ ከሆነ ከመክፈልሽ በፊት የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ዕውቅና እንዳለው አጣሪ። ዕውቅና ለኮሌጁ ስም አይሰጥም፣ ለዚያ ካምፓስና ለዚያ ትምህርት ነው፤ ቃሊቲ ያለው ቅርንጫፍ የሌለውን ፈቃድ መሃል ከተማ ያለው ሊኖረው ይችላል። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የመውጫ ፈተና አለ፤ ካላለፍሽ ዲግሪው እጅሽ አይገባም፤ ስለዚህ ተማሪዎቹ ምን ያህል እንደሚያልፉ ጠይቂ፣ ሊነግሩሽ ካልፈለጉ መልሱን ሰጥተውሻል።

የዶላሩን ሰርተፍኬት ተይው። ቫካንሲ ላይ የሚጠየቀው ዲግሪና የሥራ ልምድ ነው፣ አሠሪ ስለዚያ ሰርተፍኬት ሰምቶም አያውቅ። የሱስ ሕክምና ላይ ቁም ነገር ያለው ሥርዓተ ትምህርት ኮሎምቦ ፕላን የሚባለው ዓለም አቀፍ ድርጅት ያዘጋጀው ዩቲሲ ነው፤ እሱ ግን ሥራ ላይ ሆነሽ ብታገኚው ነው የሚጠቅምሽ።

ከምርቃና በኋላ፦

ልጄ፣ እኔ ከዲግሪው ወገን አይደለሁም። ከሌላው ወገን ነኝ። የካ አባዶ ነው የምኖረው፣ ዕድሜዬ ገፍቷል፣ ዕድሜዬን ግማሹን በርጫ ላይ ነው የጨረስኩት። ስለዚህ የሲስተርንና የልጁን አክብሬ የኔን ልጨምር።

ስለ አረቄ ሲስተር ጨርሳዋለች። ጫት ግን ሌላ ነው። ጫት ብትተዪ አያንዘፈዝፍሽም። እንቅልፍ ይጥልሻል፣ ትነጫነጫለሽ፣ ሆድሽ ይባባል፣ ሌሊት ዱካኩ ይመጣል። ዱካክ ያላየ ሰው "ሕልም ነው" ይላል፤ የያዘው ሰው ደግሞ እሱን ፈርቶ በማግስቱ ጠዋት ገራባም ቢሆን ፈልጎ ይቅማል። ቤተሰብ ይህን ስለማያውቅ "ሦስት ቀን ተወ፣ ተመልሶ ገባ፣ ወኔ የለውም" ይላል። ወኔው አይደለም።

ሁለተኛ፣ ጫት ብቻውን አይመጣም። ከምርቃና ለመውረድ ጨብሲ አለ፣ ቢራ ወይም አረቄ። ሲጋራው አለ። ሺሻው አለ። ብዙ ልጅ "ጫት ብቻ ነው የምቅመው" ይልሻል፤ ማታ የሚጠጣውን አይቆጥረውም። ጸሐፊ ነሽ አይደል? መዝግቢ፦ ስለ ጫት የሚጠየቅ ሰው ማታ እንዴት እንደሚተኛ ይጠየቅ።

ሦስተኛው የሰዓቱ ነገር ነው። ሐራራ የሚመጣው ከምሳ በኋላ ነው። ሥራ ፈት ሰፈር ውስጥ ከሰባት ሰዓት እስከ አስራ አንድ ሰዓት ምን አለ? በእኛ በኩል ያለው ጫት ቤት፣ ፑል ቤትና የቤቲንግ ቤት ነው። እኔን ያዳነኝ አንድ ጎረቤቴ ነው። መክሮኝ አያውቅም። እንጨት ሥራ ነበረው፤ ከሰዓት ከሰዓት "እስቲ ይህን ያዝልኝ" እያለ ወሰደኝ። መጀመሪያ ላይ ቅሜ ነበር የምሄደው። አልተናገረኝም።

ስለዚህ ሱስ ያላየ ሰው ሱሰኛ መርዳት አይችልም ነው የኔ ነገር። ዲግሪው ቢኖርም።

ኬዝ ወርከር ከአቃቂ፦

ጋሼ፣ የጨብሲውንና የከሰዓቱን ነገር እኔ ክፍል ውስጥ ማንም አላስተማረኝም፣ እውነትዎን ነው። የመጨረሻዋን ግን አልቀበልም። የካንሰር ሐኪም ካንሰር ይዞት ያውቃል ወይ ብለን አንጠይቅም። እኛ ጋር የተመለሱ ልጆች አብረውን ይሠራሉ፣ ያለእነሱ በሩም አይከፈትልንም። ግን አንድ ጊዜ አንዱ "እኔ በአንዴ ነው የተውኩት፣ አንተም በአንዴ ተው" እያለ ጠጪ ልጅ ሲመክር ደርሼበታለሁ። የሱ ጫት ነበር፣ የልጁ አረቄ። ሲስተር የጻፈችውን እዚህ ላይ መልሳችሁ አንብቡት።

ከምርቃና በኋላ፦

እሱስ ልክ ነህ። አረቄውን አልቆጠርኩም።

ካልጋሪ ያለሁት፦

የአክስትሽን ልጅ ዲፕሎማ እኔም አውቀዋለሁ፣ እዚህ ካናዳ ነኝ፣ በዚሁ ሥራ ላይ። ጥሩ ትምህርት ነው ግን ለዚህ አገር የተሰፋ ነው። የእኛ ጭንቀት ፌንታኒል የሚባለው ኃይለኛ ማደንዘዣ ነው፤ ማርከሻው ናሎክሶን እንዴት እንደሚሰጥ ሳያውቅ ማንም ሥራ አይጀምርም። እዚያ ደግሞ የሚያስፈልግሽ አረቄና ጫት ነው። ከዲፕሎማው በኋላም ሲኤሲሲኤፍ የሚባለው የካናዳ የሱስ አማካሪዎች ማረጋገጫ አለ፣ እሱ የሚጠይቀው ክትትል የተደረገበት የሥራ ሰዓት ነው። ስለዚህ ገንዘብሽን ከዚህ ለሚሸጥ የኦንላይን ኮርስ አታውጪ።

ከአክስትሽ ልጅ በውሰት የምትወስጂው ነገር ቢኖር የሞቲቬሽናል ኢንተርቪዊንግ ደብተሯን ነው። ሚለር የሚባል አሜሪካዊ ሳይኮሎጂስት በ1983 እ.ኤ.አ. የጀመረው፣ ከሮልኒክ ጋር ያስፋፋው የአነጋገር ዘዴ ነው። ለአበሻ ከባድ ነው፣ ምክር እንወዳለና። ዋናው ነገር፣ ሰውዬው ለምን መተው እንዳለበት አንቺ አትናገሪም፣ እሱ ራሱ እንዲናገረው ታደርጊያለሽ። "ጫት ምን ይጠቅምሃል?" ብለሽ ከጥቅሙ ትጀምሪያለሽ። ይደነግጣል፣ እንደዚያ ተጠይቆ አያውቅም። ከዚያ "ምንስ ይወስድብሃል?" ከዚያ "ለመተው ያለህን ፍላጎት ከዜሮ እስከ አስር ስንት ትሰጠዋለህ?" ሦስት ይላል። እኛ "ሦስት ብቻ? አታፍርም?" ነው የምንለው። የሠለጠነ ሰው "ለምን ዜሮ አላልክም?" ይላል። ያኔ ልጁ ራሱ ስለ እናቱ፣ ስለ ጤናው፣ ስላቋረጠው ትምህርት መናገር ይጀምራል። ይህንን በሦስት መስመር ጻፍኩት እንጂ አፍን ዘግቶ መጠበቅ ብዙ ልምምድ ነው የሚጠይቀው፤ እኔ ራሴ እናቴ ስትደውል አይሆንልኝም።

የእድሯ ጸሐፊ፦

ሁላችሁም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሲስተርዬ፣ ሴትየዋን ያኔውኑ አገኘኋት። ብዙ ተከራከርን። "ሰው ምን ይላል" ነበር የሷ ጭንቀት፣ ጤና ጣቢያው በር ላይ የሰፈር ሰው አይጠፋም። በኋላ "ለጨጓራው ነው የምወስደው" ብላ ይዛው ሄደች። አይተውት ሪፈር ጻፉለት፣ አሁን ሆስፒታል ተኝቷል። ታያሚኑን ራሷ ጠይቃለች። ተወጋ።

ሦስት ነገር ልጠይቅ። አንደኛ፣ እስከምማር ድረስ በነፃ ምን ላንብብ? ሁለተኛ፣ ስለ አልኮል አጠጣጥ የሚጠይቅ ኦዲት የሚባል አስር ጥያቄ አገኘሁ፣ ለእድሩ አባላት ብሞላላቸውስ? ሦስተኛ፣ በጎ ፈቃድ የት ልሥራ? ቅዳሜ ከሰዓት ነፃ ነኝ።

ሲስተር ዘ ቃሊቲ፦

ጎበዝ። ጨጓራ ማለቷ ራሱ ብልህነት ነው።

ኦዲቱን ለእድር አባላት አትሙይ። መጠይቁ ጥሩ ነው፣ የዓለም ጤና ድርጅት ነው፣ ከ40 ነው የሚታሰበው፣ 8 እና ከዚያ በላይ ከሆነ አጠጣጡ አሳሳቢ ነው ይባላል። ችግሩ ወረቀቱ ላይ አይደለም። አንቺ ጎረቤታቸው ነሽ፣ ያውም የመዋጮውን መዝገብ የያዝሽ። የአንድ ሰው ውጤት ከቡና ላይ አንድ ጊዜ ካመለጠ በዚያ ብሎክ ማንም ሁለተኛ አፉን አይከፍትልሽም። ደግሞ 22 ያመጣ ሰው ስታገኚ ምን ታደርጊዋለሽ? የምትልኪበት ቦታ ሳይኖር መጠየቅ ተገቢ አይደለም። መለኪያውም ያሳስታል፤ መጠይቁ የሚቆጥረው በ10 ግራም ንጹህ አልኮል ነው፣ አንድ ጠርሙስ ቢራ ብቻውን ከዚያ ያልፋል፣ ዳግም አረቄ ደግሞ ከ40 ፐርሰንት በላይ ሊደርስ ይችላል፣ "ሁለት መለኪያ ነው የጠጣሁት" ሲሉሽ ስንት ብለሽ ትጽፊያለሽ?

ይልቅ የወረዳችሁን የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ፈልጊያት። ቤት ለቤት የመዞር ሥራ የሷ ነው፣ ብዙዎቹ ነርሶች ናቸው። በእድሩ ስብሰባ ላይ ስለ አልኮል እንድትናገር ጋብዢያት፣ አንቺ ወንበርና ሻይ አዘጋጂ። ከዚያ ሰው በሩን ዘግቶ ሲነግርሽ የት እንደምትልኪው ታውቂያለሽ።

ለንባብ፣ ሒት የሚባለው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ሞጁል አለ፣ ጤና ጥበቃ ከእንግሊዙ ኦፕን ዩኒቨርሲቲ ጋር ያዘጋጀው። ተላላፊ ስላልሆኑ በሽታዎች፣ ስለ ድንገተኛ ሕክምናና ስለ አእምሮ ጤና የሚለውን ክፍል አውርጂ። እንግሊዝኛ ነው ግን ቀላል ነው፣ ምሳሌዎቹም የእኛው አገር ናቸው። ፒኤም ፕላስ የሚባለውንም ጨምሪ፤ ባለሙያ ያልሆነ ሰው ሠልጥኖ በአምስት ሳምንት አምስት ጊዜ ቁጭ ብሎ ለተጨነቀ ሰው የሚሰጠው ድጋፍ ነው። ሳትሠለጥኚ ግን ሰው ላይ አትሞክሪው።

ኬዝ ወርከር ከአቃቂ፦

በጎ ፈቃዱን በተመለከተ መቄዶንያ አያት በኩል አለ፣ በጎ ፈቃደኛ ይቀበላሉ። መጀመሪያ የሚሰጡሽ ማጠብና ማብላት ሊሆን ይችላል። አትናቂው፤ ሰው ሲያጥቡት የሚናገረውን ቢሮ ውስጥ አይናገርም። ከቱሉ ዲምቱ አያት ቅርብ አይደለም ግን ቢያንስ መርካቶን አታቋርጪም። አማኑኤልን ማየት ከፈለግሽ ደግሞ ከቃሊቲ ባቡሩን ይዘሽ አውቶቡስ ተራ ውረጂ፣ ባቡሩ ከመጣ ማለቴ ነው።

አሁን ደግሞ ማንም ያልነገረሽን ልንገርሽ። አንቺ አካውንታንት ነሽ። በዚህ ዘርፍ ያሉ ትንንሽ ማህበራትና ማዕከላት የሚሞቱት አብዛኛውን ጊዜ በምክር ማነስ አይደለም፣ በሒሳብ ነው። ለጋሹ የሰጠውን ገንዘብ በደረሰኝ ማወራረድ ያቅታቸዋል፣ ኦዲት ይመጣል፣ ፕሮጀክቱ ይቆማል፣ ልጆቹ ይበተናሉ። እኔ የምሠራበት ቦታ እንኳን የፋይናንስ ሰው ስንፈልግ ከረምን። ስለዚህ ከሥራሽ ወጥተሽ ከዜሮ አትጀምሪ። በሱስ፣ በጎዳና ልጆች ወይም በአእምሮ ጤና ላይ በሚሠራ ድርጅት በፋይናንስ ኦፊሰርነት ግቢ። ኢትዮጆብስን ክፈቺ፣ ሪፖርተር ጋዜጣ ላይ ያለውን ማስታወቂያም ተመልከቺ። አንዴ ከገባሽ የውስጥ ሥልጠና ሲኖር "እኔም ልቀመጥ" ትያለሽ፣ ሰው ቤቱ ድረስ ሄደው ለማየት ሆም ቪዚት ሲወጡ ትከተያለሽ፣ ቅዳሜ ሶሻል ወርክሽን ትማሪያለሽ። ዲግሪው ሲያልቅ የሥራ ልምድ ደብዳቤሽ ላይ የዘርፉ ስም አለ። ከእኛ መካከል እንዲህ የገባች አንዲት አለች፣ ከገንዘብ ያዥነት ተነስታ አሁን ፕሮጀክት ታስተባብራለች፤ ስብሰባ ላይ በጀቱን የሚገባት እሷ ብቻ ስለሆነች ሁላችንም እንፈራታለን።

ሆም ቪዚት ሲባል አንድ ነገር፣ በተለይ ሴት ስለሆንሽ። ብቻሽን አትሂጂ፣ ሁለት ሆናችሁ ነው። የግል ስልክሽን አትስጪ። ብር አታበድሪ፤ የታክሲ ካስፈለገ ድርጅቱ በፊርማ ይስጥ። ይህን በጭካኔ አትይው። ያበደርሽው ሰው ሲያይሽ መደበቅ ይጀምራል፣ ያኔ ሥራው አለቀ።

የእድሯ ጸሐፊ፦

ይህን እኮ አላሰብኩትም! እኔ አካውንቲንጉን ለመሸሽ ነበር የመጣሁት። በሉ ሲቪዬን አስተካክላለሁ። እድሩ ላይ የሠራሁትን ብጽፈው ያስቃል?

ኬዝ ወርከር ከአቃቂ፦

ከላይ ጻፊው እንጂ። ግን "የእድር ጸሐፊ" ብለሽ አትተይው፣ ስንት አባወራ እንደሆነ፣ ገንዘቡን እንዴት እንደምትይዢ፣ ለሐዘንተኛ ቤት ምን እንደምታስተባብሪ ዘርዝሪው። እኛ ቃለ መጠይቅ ላይ ሰው ለቅሶ ቤት እንዴት እንደሚቀመጥ ነው የምናየው፣ ነገሩ ባይታወቅም። ደግሞ የሰው ጉዳይ ምሳሌ አድርገሽ ስታወሪ ስምና ብሎክ እንዳትጠሪ፤ ከመጀመሪያው ቀን ይታይብሻል።

ከምርቃና በኋላ፦

ልጄ፣ እኚያ በሩን ዝጊው የሚሉትን አባት እንዴት ላገኛቸው እችላለሁ? ፈቃዳቸው ከሆነ ማለቴ ነው። ልጁን አይደለም፣ አባትየውን ነው የማናግረው። እኔ ከሰዓት ነፃ ነኝ።

የእድሯ ጸሐፊ፦

ጋሼ፣ እጠይቃቸዋለሁ። እሺ ካሉኝ እዚህ በውስጥ መስመር እጽፍልዎታለሁ።

ሲስተር ዘ ቃሊቲ፦

አንድ ነገር ረስቼ ተመለስኩ። ያ ሰውዬ ከሆስፒታል ሲወጣ ለቤት የሚወሰድ ዳያዜፓም ከሰጡት ሚስቱ ትያዘው፣ በየቀኑ የታዘዘለትን ብቻ ቆጥራ ትስጠው። ከአረቄ ጋር ከተቀላቀለ ትንፋሽ ያሳጥራል፣ ተኝቶ ላይነቃ ይችላል። ያልጨረሰውን ለጎረቤት "እንቅልፍ ያመጣል" ብላ እንዳትሰጥ። የሚቀጥለውን ቀጠሮ ቀንም አንቺ መዝገብሽ ላይ ጻፊው፣ እሷ ያንን ሳምንት ብዙ ነገር ይጠፋባታል።